ወይዘሮ ምናልባትና ስድስተኛው መስመር

በዚያ ሰፈር ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ በር ያንኳኳል። በሩ ከመድኃኒት መደብሩ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ያለው ሰማያዊ በር ነው። ገባ ሲሉ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በመደርደሪያው ላይ የተጠቀለለ ሸራና ለስላሳ የጥጥ ገበር ይታያል። ከጣሪያው ማገር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የልጅ ማዘያ ተንጠልጥሏል፤ በውስጡም አሥራ አምስት ኪሎ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተቀምጧል። እንግዳ ሰው ሲያየው ግራ ይጋባል። የሰፈሩ ሰው ግን ብቅ ባለ ቁጥር "አሸዋው ልጅ ዛሬ እንዴት ዋለ?" እያለ ይቀልዳል።

የቤቱ ባለቤት የልጅ ማዘያ ሰፊ ናት። ተሰፍቶ ያለቀ ማዘያ አሸዋውን ተሸክሞ ሙሉ ቀን ካልዋለ ከቤቷ አይወጣም። ምናልባት ክሩ ቢላላስ፣ ምናልባት ማሰሪያው ቢያዳልጥስ፣ ምናልባት እናትየው ደረጃ ስትወርድ ብትደናቀፍስ ትላለች። አንድ ልጇን ትምህርት ቤት ስትልክ ምናልባት ቢዘንብ ብላ ጃንጥላ፣ ምናልባት ባይዘንብ ብላ ኮፍያ የምታስይዝ እናት ነበረች። ስለዚህ ማንም በስሟ አይጠራትም፤ ትንሹም ትልቁም ወይዘሮ ምናልባት ይላታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ደንበኛ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ "ልጁ አንገቱን በደንብ ያነሳል?" የእሷ ማዘያ አንገቱ ለጠና፣ አራት ወር ላለፈው ልጅ የተሠራ ነው። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ከገባበት አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል፣ አፍንጫው ጨርቅ ውስጥ ይቀበራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። "ገና ነው" ያላትን ሰው ማዘያው የቱንም ያህል ቢያምረው "እንግዲያው ሲያነሳ ይምጡ" ብላ በባዶ እጁ ትሸኘዋለች። ይህን ጥያቄ ለሃያ ዓመት ስትጠይቀው ኖራለች። ከመልመዷ ብዛት፣ መጠየቋን ራሷም ልብ አትለውም ነበር።

ታዲያ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሰማያዊው በር መንኳኳቱን ቀነሰ። በየሱቁ በፋብሪካ የተሠራ፣ ቀለሙ ዓይን የሚስብ ማዘያ ተንጠለጠለ። ወይዘሮ ምናልባት አሸዋዋን አንጠልጥላ በሩን ማየት ሆነ ሥራዋ። ሃያ ዓመት የሠራችበትን ቤት ልትዘጋ፣ የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ማሰብ ጀመረች። መድኃኒት መደብሩ ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራው ልጇ ይህን ስትሰማ አላስችል አላት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓቷ መጥታ ስልኳን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ነገሩን አስረዳቻት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ሰዉ በአጭሩ ኤአይ የሚለው መሣሪያ ነው። የሚነግሩትን ሰምቶ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የሥራ ዕቅድ ያወጣል፣ የተጻፈውንም ድምፅ አውጥቶ ያነባል። እናትየዋ ስልኩን እንደ እንግዳ ሰው ገልመጥ አደረገችው።

"ምን ልበለው?"

"ለእኔ እንደምትነግሪኝ ንገሪው፣ እማ።"

መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ስፌቱ ላይ ስትደርስ ግን አንደበቷ ተፈታ። ማሰሪያው ላይ ክሩ ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ገበሩ ልጅ ቢያኝከው እንኳ ቀለም እንደማይለቅ፣ አሸዋው ሙሉ ቀን እንደሚንጠለጠል፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ተናግራ ጨርሳ መርፌዋ ላይ ክር እስክታስገባ ድረስ ጽሑፉ አልቆ ነበር። ስልኩም ጥርት ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፤ "ልጅዎን ከማዘልዎ በፊት እኛ አሸዋ አዝለንበታል።"

ወይዘሮ ምናልባት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሃያ ዓመት ስትሠራ የኖረችውን ነገር በአንድ መስመር ሲናገርላት የሰማችው ገና አሁን ነው። ሁለተኛው መስመር ሲነበብ ሳቀች፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አራተኛው ላይ በሩን ከፍታ ለጎረቤቷ ለጸጉር አስተካካዩ "ና ስማ፣ ና ስማ" ማለት ጀመረች። ስልኩ የቀረውን ለአሸዋው ልጅ አነበበለት ማለት ይቻላል።

ስትመለስ ልማዷ ያዛት። "ምናልባት እንደገና ብንሰማው…" አለች።

"እማዬ፣ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ማን ያነባል?" አለች ልጅቷ፤ የምሳ ሰዓቷ እያለቀ ነበር። "ሰው ፎቶውንና የመጀመሪያውን መስመር ዓይቶ ነው የሚደውለው። ዛሬ እንኳ ምናልባትን አስተኚው።"

እናትየዋም ሳቀችና ምናልባትን አስተኛችው። ማስታወቂያው ወጣ፤ መሣሪያውም በእናትየዋ ስልክ ላይ ተጫነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረዋል። መሣሪያው ማዘያው ቢጫው ግድግዳ ሥር ሳይሆን መስኮቱ አጠገብ ፎቶ ቢነሳ እንደሚያምር መከራት፤ እውነትም አማረ። ሸራው ላይ ቅርጾቹን እንዴት አድርጋ ብትደረድር ብጣሽ እንደሚቀንስ ጠየቀችው። ያላትን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሠርታ ብታየው ከአንድ ጥቅል ሰባት ይወጣ የነበረው ስምንት ወጣ። ትእዛዞቹን በየቀናቸው ደርድሮ ዛሬ የትኛውን ቁረጪ፣ ነገ የትኛውን ስፊ ይላታል። በዘጠኝ ቀን አሥራ ሁለት ማዘያ ሄደ። አሸዋው ልጅ ብቻውን አልችል ብሎ ሁለት ወንድሞች ተሞሉለት። እሷ መሣሪያውን "ልጄ" እያለች ታነጋግረው ጀመር፤ የወለደቻት ልጅ "እኔስ? ከሥራ ተባረርኩ ማለት ነው?" ብላ ስትቀልድ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ደንበኞቹ አሁን ሰማያዊውን በር አያንኳኩም። መልእክት ለልጅቷ ይልካሉ፤ ዕቃ አድራሹ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ማዘያውን ከመድኃኒት መደብሩ ይወስዳል። ሁሉም ነገር ፈጣንና የተቃና ነበር። አንድ ነገር እንደጎደለ ከሁለቱ ማንም አላስተዋለም።

ወይዘሮ ምናልባት በልጅነቷ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ካለፈው ዓመት ጀምራ ግን በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ፊደል ለይታለች፣ ቃል ትገጣጥማለች። ነገር ግን ለማንም ያልነገረችው አንድ ዘዴ ነበራት። መምህርቷ ምንባቡን አንድ ጊዜ ስታነብ በጆሮዋ ትይዘዋለች፤ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አንሸራትታ በቃሏ ትወጣዋለች። ክፍሉ ያጨበጭባል። እሷም ማንበብ ይኸው ነው ብላ ራሷን አሳምናለች።

ከጎኗ የሚቀመጡት አዛውንት የዚህ ተቃራኒ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በድንጋይ ጠራቢነት ያሳለፉ ናቸው፤ ክፍሉ ጋሽ ቀስታ ይላቸዋል። ወፍራም ጣታቸውን ፊደሉ ላይ ተክለው፣ ፊደሉ እጁን ሳይሰጥ ወደሚቀጥለው አይሄዱም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ምናልባት "ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ገጽ እስኪጨርሱ እኛ ጡረታ እንወጣለን" አለቻቸው።

"እኔ ወጥቻለሁ" አሉ እሳቸው። "ምን አስቸኮለኝ?"

አንድ ቀን መምህርቷ ለሐሙስ ሁሉም ከሥራው ጋር የተያያዘ ጽሑፍ አምጥቶ እንዲያነብ አዘዘች። ወይዘሮ ምናልባት ከደስታ ብዛት ሌሊቱን በቅጡ አልተኛችም። ሐሙስ ሲደርስ መምህርቷ ማስታወቂያውን ከስልኳ ላይ በወረቀት አተመችላት። እሷም ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው መስመር ያለ አንዳች መደናቀፍ አነበበች። አምስቱን መስመር አሳምራ ታውቃቸዋለች፤ ስልኩን በከፈተች ቁጥር ከፎቶው ሥር የሚታዩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ በታች "ተጨማሪ ያንብቡ" የምትል ደቃቃ ጽሑፍ አለች፤ እሷን ነክታት አታውቅም። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ወይዘሮ ምናልባት እጅ ነስታ ተቀመጠች።

"አላለቀም እኮ" አሉ ጋሽ ቀስታ። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ጣታቸውን ስድስተኛው መስመር ላይ ተከሉ። አንዳንዱ ተማሪ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ፤ የእሳቸው ነገር ዛሬም ሊያስመሸን ነው የሚል ይመስላል። እሳቸው አንድ በአንድ ወጡት፤ "ከተወለደበት… ቀን… ጀምሮ… ለማንኛውም… ሕፃን… ይስማማል።"

ወይዘሮ ምናልባት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቀች።

"እኔ እንዲህ አላልኩም" አለች።

"አምናለሁ" አለች መምህርቷ፤ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። "ከስንት ወር ጀምሮ እንደሚሆን ነግረውት ነበር?"

አልነገረችውም። ይህን ማን ይረሳዋል፣ እያንዳንዱን ደንበኛ በር ላይ ትጠይቀው የለ? ግን የትኛው በር? በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለአንድም ሰው በሩን አልከፈተችም። መምህርቷ ቶሎ ቶሎ እያለች አስረዳች። መሣሪያው ያልነገሩትን ነገር ክፍት አድርጎ አይተወውም፤ እውነት የሚመስል ነገር ፈልጎ ይሞላዋል። ማዘያውን ዓይቶትም ነክቶትም አያውቅም። የምታውቀው ሰፊዋ ናት፤ ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ የእሷ ድርሻ ነበር።

ልጇ ጋ ተደወለ። ልጅቷ የመድኃኒት መደብሩን ወረፋ ትታ አሥራ ሁለቱን መልእክቶች አገላበጠች። ወይዘሮ ምናልባት እስከዚያው የማስጠንቀቂያ መልእክት መሣሪያውን አስጻፈችው፤ ስትናገረው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ጋሽ ቀስታ ጣታቸውን ዘረጉላት፣ እሷም ጣቷን ከጣታቸው ሥር አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል አብራቸው ወረደች። "ማዘያው አንገቱን በደንብ ለማያነሳ ሕፃን አይሆንም። ልጅዎ አራት ወር ካልሞላው አሁኑኑ ያውጡት። ማስታወቂያው ላይ የተሳሳትነው እኛ ነን።" ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ላብ አስጠመቃት። በዓመት ውስጥ በእውነት ያነበበችው የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነበር።

ወዲያው መልስ ጎረፈ። የአንዱ ሰባት ወሩ ነው፣ የሌላዋ ዓመት አልፏታል፣ የአንዷ መንትዮች ድክ ድክ ማለት ጀምረዋል። አሥራ አንዱ መለሱ። አሥራ ሁለተኛው ዝም አለ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ልጅቷ የዚያን ደንበኛ ትእዛዝ ስታነብላት ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ "ሐሙስ ከሆስፒታል እንወጣለን፤ ከዚያ በፊት ይድረስልን ይላል፣ እማ።"

ቀኑ ሐሙስ ነው።

ጋሽ ቀስታ ሊከተሏት ተነሱና መልሰው ተቀመጡ። "ሂጂ ልጄ፣ እኔን አትጠብቂ" አሏት። "የእኔ ቀስታ ለዛሬ አይሆንሽም።"

የደንበኛው ቤት ሦስት የአውቶቡስ ፌርማታ ያህል ይርቃል፤ ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ወይዘሮ ምናልባት ታክሲው ውስጥ ቁጭ ብላ በሕይወቷ ሙሉ ካለቻቸው ምናልባቶች ሁሉ የከፋውን ለራሷ ደጋግማ አለችው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። አንኳኳች። በሩን የከፈተላት የሱቁ ባለቤት፣ ቀለም ሻጩ ነው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ሽሽ" አላት። ፊቱ በኩራት ያበራል። ደረቱ ላይ የራሷ ማዘያ፣ የራሷ ድርብ ስፌት፣ የራሷ ሰማያዊ ገበር ታስሯል። ከጨርቁ በላይ የሚታየው አንዲት ጣት የምታህል የጸጉር ጫፍ ብቻ ነው።

"አሁን ነው የተኛችልኝ" አለ በሹክሹክታ። "ስልኩንም ድምፁን አጠፋሁት፣ እንዳትነቃብኝ።"

ወይዘሮ ምናልባት አልጮኸችም። ጩኸት ልጅ የያዘን እጅ እንደሚያስደነግጥ ታውቃለች። "አባቴ፣ አንዴ ይቁሙልኝ" አለችና ቀኝ መዳፏን ከጨርቁ ውስጥ አሾልካ ከሕፃኗ ማጅራት ሥር አስገባች፣ በግራ እጇ ዘለበቱን ፈታች። ሕፃኗ ወጣች። አገጯ ከደረቷ ተላቀቀ። ፊቷ ቀልቶ በላብ ረጥቧል፤ የገበሩ ስፌት ጉንጯ ላይ ታትሟል። ለቅጽበት ምንም አልሆነም። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ አየሩን በሙሉ ሳበችና በሁለት ፎቅ ላይ የሚሰማ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ምናልባት እንዲህ ያለ የሚጥም ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

አባትየው ተቆጣ። የመጣችበት ምክንያት ሲነገረው ቁጣው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ፣ ከዚያም ወደ ክርክር። "ጽሑፉ እኮ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይላል! አንብቤ ነው የገዛሁት።"

"እውነትዎን ነው፣ ይላል። እስከ መጨረሻው ያነበቡት እርስዎ ነዎት፤ ሳላነብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።"

ከውስጠኛው ክፍል፣ ከአልጋዋ ላይ የሕፃኗ እናት ድምፅ መጣ። "እኔስ በእጅህ እቀፋት ብዬህ አልነበር? የተጻፈ ነገር አይሳሳትም አልከኝ።"

ቀለም ሻጩ ልጁን ተቀበለና በእጁ አቀፋት። ከዚያ ወይዘሮ ምናልባት አጠገባቸው ቁጭ ብላ የጨቅላ አንገት እንዴት እንደሚደገፍ እጁን ይዛ አሳየችው። ሐኪም ይያት ብላ ስትለምናቸውም እንቢ አላሉም፤ በዚያው ከሰዓት ወስደዋት ሐኪሙ ደህና ናት አላቸው። ማዘያውን ግን ይዛ ሄደች። አንገቷን ስታነሳ አመጣዋለሁ ብላ ቃል ገባች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጇ ቀድማት መጥታ፣ አሸዋዎቹ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። ማስታወቂያውን አውርዳዋለች። "ማን ያነባል ያልኩት እኔ ነኝ" እያለች ትነፋረቃለች። እናትየዋ አቅፋ ካረጋጋቻት በኋላ ስልኩን ወደዚያ ገፋችው። ከእንግዲህ ያ ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ፣ ሰማያዊው በር ተዘግቶ ቢቀር ይሻለኛል አለች። ጋሽ ቀስታ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው፤ በእግራቸው ነበር የመጡት። ሕፃኗ ደህና መሆኗን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡና ተነፈሱ።

"መቀስሽ ቆርጦሽ ያውቃል?" አሏት።

"ስንቴ ጋሼ።"

"ጣልሽው?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀሷን አየችው።

"ይህም ስለት አለው። አያያዙን አልተማርሽም እንጂ ደህና መቀስ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እስከ ዛሬ ፊደል ስቆጥር እገኝ ነበር? አሁን ንገሪው። ሁሉንም ንገሪው።"

ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበቡ። ወይዘሮ ምናልባት ጉሮሮዋን ጠረገችና ከአንገቱ ጀመረች፤ ከአራት ወር በታች እንደማይሆን፣ ሕፃኑ ራሱን ችሎ አንገቱን ካላነሳ አራት ወር ቢያልፈውም እንደማይሆን ነገረችው። ተናግራ ስትጨርስ ዓይኗ የተንጠለጠለው አሸዋ ላይ ፈጠጠ፣ ከዚያም ማንም ያላስተማራትን ነገር አለች። "ልጄ፣ አትጻፍ ገና። ምናልባት ያልነገርኩህ ነገር ካለ መጀመሪያ አንተ ጠይቀኝ።"

ስልኩ ዘጠኝ ጥያቄ ይዞ መጣ። ልጁ እስከ ስንት ኪሎ ድረስ ሊታዘልበት ይችላል? ገበሩ የሚታጠበው በሞቀ ውኃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ? ማሰሪያው ማርጀቱ በምን ይታወቃል? ሲታዘል የልጁ ፊት ሁልጊዜ መታየት አለበት ወይ? ጋሽ ቀስታ ጥያቄዎቹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየገፉ ሲያነቡ ወይዘሮ ምናልባት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ዓይኗ እንደ መጀመሪያው ቀን አበራ።

"ይኼ እኮ" አለች ለልጇ፣ "እንደ እኔ ምናልባት ማለት ይችላል። እኔ ነኝ አስተኝቼው የነበረው።"

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት በሥራ ተቀጣጠለ። አዲሱ ማስታወቂያ የመጀመሪያውን ውብ መስመር እንደያዘ ቀረ፤ ሁለተኛው መስመር ግን "ልጅዎ አንገቱን በደንብ ያነሳል?" የሚል ሆነ፣ "ተጨማሪ ያንብቡ" እንዳይደብቀው። ልጅቷም ለሚያዝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው መልእክት ይኸው ጥያቄ እንዲሆን አደረገች፤ ሰማያዊው በር ወደ ስልኩ ገባ ማለት ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ መሣሪያው አራት ሥዕል ያለው ካርድ አወጣላቸው። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ማሰሪያው በሕፃኑ አንገት ሥር ሲያልፍ ዓይታ ወይዘሮ ምናልባት "ልጄ፣ ይኼን አንተም አልታዘልክበትም እኔም አላዝልህበትም" ብላ መለሰችው። በሦስተኛው ሙከራ ተስተካከለ። ካርዱን ፊደል ላልቆጠረችው ለጸጉር አስተካካዩ ሚስት ሰጥተው ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ ማዘያውን እንድታስር አደረጉ፤ አሰረችው። ጋሽ ቀስታ አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወይዘሮ ምናልባት አዲሱን ማስታወቂያ ይዛ ክፍሉ ፊት ቆመች። ስለ ዘዴዋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ስታነብ እንደኖረች አልደበቀችም። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተከለች። አራተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ገታት፤ ቆመች። እንደ ድሮው ልትዘልለው ትችል ነበር፤ አልዘለለችውም። "እዚህ ጋ አላወቅኩትም፣ መምህርት፤ ይርዱኝ" አለች። ክፍሉ ያን ቀን ያጨበጨበላት በዚህ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ባለሱቆች፣ ባለ ሙያዎች፣ ይህን አዲስ መሣሪያ አትፍሩት። ሥራችሁን ያቀልላችኋል፣ ያልነበራችሁን አንደበት ይሰጣችኋል። ነገር ግን እጃችሁ የሚያውቀውን እሱ አያውቀውም፤ ስለዚህ ንገሩት፣ እንዲጠይቃችሁ አድርጉ፣ ከእናንተ ዘንድ የሚወጣውንም እስከ ታችኛው መስመር ድረስ በራሳችሁ ዓይን አንብቡ። ማንበብ ቢያዳግታችሁ ሁለት ጊዜ አስነብባችሁ ስሙ። ያ መስመር የሚደርሰው ከአንድ ሰው ልጅ ጋ ነውና።

አራት ወር ከምናምን አለፈ። አንድ ጠዋት ሰማያዊው ቤት ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጥያቄው እንደ ወትሮው ሄዶ ነበር፤ "ልጅዎ አንገቱን በደንብ ያነሳል?" መልሱ የመጣው ከቀለም ሻጩ ነው፣ ከፎቶ ጋር። አንዲት ጉንጫም ሕፃን በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን እንደ ዳኛ ቀጥ አድርጋ ካሜራው ላይ ታፈጣለች። ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ልጇ "ያነሳል ማለቱ ነው እማ፣ ጠቅልዪና ልላከው" አለቻት፤ ማዘያው እንደሆነ ታጥቦ፣ እንደገና አሸዋውን ተሸክሞ መደርደሪያው ላይ ሲጠብቅ ከርሟል።

"ቆይ" አለች ወይዘሮ ምናልባት። መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን ተከለች፣ ከላይ ጀምራ ወረደች። ሐኪሙ ጎበዝ እንዳላት፣ እናትየው ሰላም እንዳለቻት፣ ካርዷን ሱቁ ግድግዳ ላይ እንደለጠፈላት ይናገራል። ስድስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቀስ አለች፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያም እየሳቀች መቀሷን አነሳች። እንዲህ ይል ነበር፤ "የወገቡን ማሰሪያ አንድ ስንዝር ያስረዝሙልን፤ በዚህ ቤት የወፈረችው ልጅቷ ብቻ አይደለችም።"